ሳህሌ ዐቃቤ ዊኬት በዩኒየን ሲቲ ዐሥራ አንድ ሰው ያቆመበት ቅዳሜ

ይህ ነገር እውነት ነው። ሐሰት ቢገኝበት የጻፈችው እጅ ትድረቅ፣ ቀለሙም ውሃ ይሁን፤ ጸሐፊው በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን፣ ባላየበትና ባልሰማበት ቦታ ደግሞ ሊሆን ይገባው የነበረውን እንጂ፣ አንዲት ቃል ከልቡ አንቅቶ አልጻፈም።

በ፲፱፻፹፰ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ ፔጀር በሰው ሁሉ ወገብ ላይ በነገሠ በስድስተኛው ዓመት፣ ሳህሌም በኦክላንድ መሀል ከተማ የባለ አራት ፎቁ ፓርኪንግ ሱፐርቫይዘር ሆኖ በተሾመ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ግንቦት፣ መሳፍንት ያልሞከሩት መኳንንትም ያላሰቡት ነገር በዩኒየን ሲቲ ሜዳ ላይ ተደረገ።

ስለ ሳህሌ አስቀድመን እንናገር። ስመ መንግሥቱ ዐቃቤ ዊኬት፣ የአራት መቶ መኪና ቁልፍ ጠባቂ፣ ቲኬት የጠፋበት ሁሉ የሚማፀነው፣ ቁመቱ እንደ ዝግባ ሲሆን በሜትር የለኩት ምቀኞች ግን አንድ ከስልሳ አምስት ነው የሚሉት፣ ሆዱ ከደረቱ ቀድሞ የሚደርስ፣ ድምፁ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት ያለ ሬዲዮ የሚሰማ፣ የአርባ ሦስት ዓመት ጎልማሳ ነበረ። ይህም ሳህሌ በኢትዮጵያ ብሔራዊ የክሪኬት ቡድን ውስጥ ዐሥር ዓመት አገለገለ። ብሔራዊ ብሎ ማን ሰየመው የሚል ቢኖር፣ ቡድኑ ራሱን ሰየመ፤ ስንቱ ንጉሥ ራሱን ሰይሞ የለ!

ክሪኬት ምን እንደሆነ ላላወቀ፣ ነገሩ አጭር ነው፦ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በሰፊ ዱላ ይመክታል፣ ከመካቹ ኋላ ዊኬት የሚባሉ ሦስት እንጨቶች ቆመዋል፤ እንጨቱ ከወደቀ፣ ወይም የተመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተያዘ፣ መቺው ይወጣል። ዐሥሩ ከወጡ ነገር አለቀ። የቀረው ሁሉ መቆምና ፀሐይ መሞቅ ነው፤ በዚህም በኩል ወገኖቻችን ከማንም አላነሱም።

ጨዋታውን ወደ ቤይ ኤሪያ ያመጡት ሦስት አንጋፎች ነበሩ፤ ሦስቱም በልጅነታቸው ደሴ ላይ ከህንዳዊው የሂሳብ መምህራቸው ከሚስተር ቫርጌዝ የተማሩት፣ የማባዛት ሠንጠረዡን ረስተው ክሪኬቱን ያልረሱት፣ ጋሽ ዘነበ መትቶ አዳሪ፣ ጋሽ ጉዲና ወርዋሪ፣ ጋሽ መንገሻ ቀላቢ። በዚያ ዓመት በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ግን ሦስቱ ዓምዶች በአንድ ቀን ወደቁ። ጋሽ ጉዲና የኤርፖርት ሸትል ሊነዱ የቅዳሜ ሺፍት ተቀበሉ፤ ጋሽ መንገሻን ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ አድርጎ መረጣቸው፣ የሽማግሌዎች ጸሎትም ቅዳሜ ሆነ፤ ጋሽ ዘነበ ደግሞ ጉልበታቸው ከዳቸው። ጋሽ ዘነበም የተሰነጠቀውን፣ በኤሌክትሪክ ቴፕ የተጠቀለለውን ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ለሳህሌ ሰጥተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ጉልበቴ በሐኪም ፊት መስክሮብኛል። አንተ ልጅ፣ አለቃው ከእንግዲህ አንተ ነህ። ዱላው ይሰበር ግዴለም፤ ስሙ ግን ከወረቀቱ እንዳይፋቅ። አደራ።»

ወረቀቱ የሊጉ መርሐ ግብር ነው። በየዓመቱ በፎቶ ኮፒ ይታደላል፤ ህንድ አንድ፣ ህንድ ሁለት፣ ፓኪስታን፣ ፊጂ ተብሎ በታይፕ ይወርድና፣ ከሁሉ በታች፣ ታይፒስቱ ስለዘነጋት፣ ሳህሌ በሰማያዊ ቢክ በገዛ እጁ የጻፋት «ኢትዮጵያ» ትገኛለች። ሳህሌ እስከሚያውቀው ድረስ፣ በዚህ ጨዋታ የአገሩ ስም የተጻፈበት ወረቀት በዓለም ላይ ያ ብቻ ነበረ። አንዱን ቅጂ በፓርኪንጉ ቢሮ መስታወት ላይ ለጥፎ፣ ደንበኛ ሁሉ ቁልፉን ሲቀበል እንዲያየው አደረገ፤ ያየው ግን ብዙ አልነበረም።

ወእምዝ በግንቦት መባቻ የሊጉ ጸሐፊ አዋጅ በፖስታ ደረሰ፦ «አንጋፎቻችሁ መሰናበታቸውን ሰምተናል። ግንቦት ፲ ቅዳሜ ከዩኒየን ሲቲ ነብሮች ጋር ዐሥራ አንድ ሰው ካላቆማችሁ ስማችሁ ይሰረዛል፤ ቦታውን የሚጠብቅ የሳን ሆዜ የኮምፒውተር ኢንጂነሮች ቡድን አለ።» ሳህሌ ይህን ባነበበ ጊዜ ጣቱን ልሶ በመስታወቱ ላይ ያለችውን ስም ሰማያዊ ቀለም ሲነካው፣ ቀለሙ ትንሽ ለቀቀ፤ እንደ ተወጋ ሰው ደነገጠ።

በእጁ የቀረው ሠራዊት አምስት ነበረ፦ ሳህሌ ራሱ፣ የወሎው ባህረዲን ባለ ታክሲው፣ ሦስት የኮምቦልቻ ወንድማማቾች፣ በኳስ ፋንታ እርስ በርስ የሚወራወሩት። ስድስት ሰው ጎደለ። ሳህሌም ስልኩን እንደ ነጋሪት አስጎሰመ፤ ከኦክላንድ እስከ ዳሊ ሲቲ፣ ከዳሊ ሲቲ እስከ ሳን ሆዜ አዋጁ ተሰማ፦ «ስማኝ ወገኔ! የገና ጨዋታ ያየህ፣ ዱላ የጨበጥህ፣ ድንጋይ የወረወርህ፣ ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ዩኒየን ሲቲ ተገኝ! ነጭ ሸሚዝ ልበስ! ምሳ በእኔ ነው!»

መልሱም እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ። ኃይለየሱስ «እንዴት ብዬ እቀራለሁ? ሞቼ ነው?» ብሎ አወጀ። ናዖድ ከዳሊ ሲቲ «ዐርብ ማታ ብቻ ኮል አድርግልኝ እንጂ፣ አለሁ በለኝ» አለ። ሚልክያስ የመዘምራኑ ከበሮ መቺ «ጌታ ቢፈቅድ ቀድሜህ ሜዳው ላይ ነኝ» አለ። ሙሰብ «ኢንሻአላህ» አለ። ብሩኪ «እስቲ እናያለን» አለ። ሐኒ፣ የሳን ሆዜዋ ነርስ፣ በስድስት ዓመቷ መጥታ አማርኛ የምትሰማ እንጂ የማትመልስ፣ በሃይስኩል ሶፍትቦል የተጫወተች፣ «ኦኬ አንክል፣ አይል ትራይ» አለች፤ ሳህሌም በዚህች ትራይ የምትባል ነገር ቅር ብሎት በስሟ ጎን የጥያቄ ምልክት አደረገ። በኃይለየሱስ ስም ጎን ግን ሁለት መስቀል አኖረ።

ደግሞም፣ ለክብሩ ያህል፣ ወደ ጋሽ ዘነበ ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ዘነበ አንድ ጊዜ «አይሆንም» አሉ፤ ሁለተኛም «ጉልበቴን እያወቃችሁ?» አሉ፤ በሦስተኛው «ልጆቼ፣ በቃኝ አልኩ እኮ» አሉ። ሳህሌ ግን የአገሩን ወግ የሚያውቅ ነውና፣ የጨዋ ሰው የመጀመሪያ እምቢታ ሰላምታ፣ ሁለተኛው ትሕትና፣ ሦስተኛው ጫማ ፍለጋ ነው ብሎ ተስፋውን አልቆረጠም።

ቅዳሜ ደረሰ። ከባሕረ ሰላጤው የመጣ ጉም ሜዳውን ሸፍኖ ነበር። ሳህሌ በአሮጌ ቶዮታው፣ በጋቢናው የአንጋፋው ዱላ፣ ከኋላ ሁለት ድስት ምሳ፣ በሁለት ሰዓት ተኩል ቀድሞ ቆመ። ባህረዲን መጣ፤ ባለቤቱ ዘሐራም የውጤት ደብተሯንና ሁለት እርሳስ ይዛ ታጣፊ ወንበሯን ዘረጋች፤ ይህች ዘሐራ በዚያ ቡድን ዐሥር ዓመት ሙሉ አንድ ኳስ ሳትዘልል የጻፈች ናት። ሦስቱ ወንድማማቾች እየተጨቃጨቁ መጡ። ሙሰብ መጣ፣ ብሩኪ መጣ። ሐኒም የሌሊት ሺፍት ጨርሳ፣ በነርስ ልብሷ እንዳለች፣ የራሷን ጓንት ይዛ መጣች።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ሳህሌ ወደ መንገዱ አየ። ሁለት መስቀል የተደረገለት ኃይለየሱስ የለም። ናዖድ ፔጅ ተደርጎ አልመለሰም። ለሚልክያስ ጌታ አልፈቀደለትም። ሳህሌም ደግሞ ቆጠረ፤ ቁጥሩ እንደ ፊቱ ሆነ። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ፣ የደበዘዘችውን ስም አይቶ፣ ወደ ቶዮታው ጀርባ ሄዶ ብቻውን ቆመ፤ ይህም ለመጸለይ ነበር፣ ዓይኑን የጠረገውም ስለ ጉሙ ነው። ከዚያም ደረቱን ነፍቶ፣ ሆዱን አስቀድሞ፣ ያለ ጋሻ ያለ ጦር፣ ወደ ነብሮቹ ሰፈር ብቻውን ዘለቀ። ከነብሮቹ አለቃ ከዶክተር ጊል ጋር፣ ያ ጥርስ ነቃይ፣ ጥምጥሙ ሰማያዊ፣ ጢሙ እንደ መናኝ የረዘመ፣ ምን እንደ ተነጋገሩ ማንም አልሰማም፤ ነገር ግን ሳህሌ እጅግ አስፈሪ ቃል እንደ ተናገረ ዶክተሩ ደጋግሞ ራሱን በመነቅነቁ ታወቀ።

ሲመለስም፣ እነሆ ድንቅ! ሦስት ግርማቸው የሚያስፈራ ሰዎች ከጉሙ ወጥተው ከኋላው ተሰለፉ። ሁለቱ ዝናውን ሰምተው ከሩቅ የመጡ ናቸው፤ ስማቸውን ስለ ትሕትናቸው እንተወዋለን። ሦስተኛው ግን ጋሽ ዘነበ ራሳቸው ነበሩ፤ ጉልበታቸውን ገሥጸው፣ እምቢታቸውን ውጠው መጥተው። እንዲህም ዐሥራ አንድ ሆኑ፤ ዶክተር ጊልም በወረቀቱ ላይ «ዐሥራ አንድ ቆመዋል» ብሎ ፈረመ።

ኢትዮጵያ ቀድማ መትታ ስድሳ አንድ ነጥብ አገኘች፤ ከዚህ ውስጥ ሠላሳ ስምንቱ የሐኒ ነው፣ ሳህሌ ግን በመንፈስ ረድቷታል። ከዚያ ነብሮቹ ተነሡ። ባህረዲን እየወረወረ እንደ ማሽላ አጨዳቸው፤ ዘጠኙ ወጡ፣ ነጥባቸውም ስድሳ ደረሰ፣ ከወጪው ሁሉ ኋላ ዶክተር ጊል ራሱ ዱላውን ይዞ ገባ። አንድ ምት ቢሳካለት አለቀ። ባህረዲን ወረወረ፤ ዶክተሩ መታ፤ ኳሷም እስከ ጉሙ ጫፍ ወጣች።

ከታችዋ ሁለት ሰዎች ቆመው ነበር፦ ሳህሌና ጋሽ ዘነበ፣ ትከሻ ለትከሻ። እዚህ ላይ የሌላ አገር ሰው ቢሆን በጮኸ፣ በተጋፋ ነበር። ሳህሌ ግን በታላቅ ፊት እጁን የሚያስቀድም ስድ አልነበረምና፣ ጎንበስ ብሎ፣ ግራ እጁን በቀኝ ክንዱ ላይ አድርጎ አወጀ፦ «በሞቴ! እርስዎ እያሉ! ይያዙልኝ!» ጋሽ ዘነበም «ኧረ አይገባም! አለቃው እያለ!» ሲሉ መለሱ። ሳህሌ ደገመ፦ «በልጆቼ ሞት፣ አላደርገውም!» ባህረዲን ከሩቅ «ኧረ ባካችሁ አንዳችሁ!» ብሎ አወጀ። ሐኒም «አንክል! ዘ ቦል!» ብላ አወጀች። ኳሷ በአየር የቆየችበት ጊዜ ዳዊት የሚያስደግም ነበር። በሦስተኛውም ጋሽ ዘነበ «አዝሃለሁ፣ ያዝ!» ቢሉ፣ ሦስተኛ እምቢ ማለት ስድብ ነውና፣ ሳህሌ ታዘዘ፤ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ዘረጋ፤ ኳሷም ጎጆዋን እንዳገኘች ርግብ መዳፉ ላይ ዐረፈች። ኢትዮጵያ በአንድ ነጥብ ድል አደረገች፤ ስሟም ከወረቀቱ አልተፋቀችም።

ሰላም ለእግሮችህ፣ ሳህሌ፣ ሳይሮጡ ለሚደርሱ! ሰላም ለሆድህ፣ የሠራዊት ፊታውራሪ! ሰላም ለመዳፎችህ፣ አራት መቶ ቁልፍና አንዲት ኳስ ለያዙ! ሰላም ለሰማያዊ ቢክህ፣ ታይፒስት የረሳትን አገር ለጻፈ! ከዩኒየን ሲቲ እስከ ሳን ሆዜ ያለ ሣር ሁሉ ይመስክርልህ!

ይህ ዜና መዋዕል በወርኃ ሰኔ፣ በቴሌግራፍ አቬኑ፣ በቡድኑ የምሳ ግብዣ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነበበ። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ሦስቱ ወንድማማቾች ጠረጴዛ ደበደቡ፣ ሳህሌም ተነሥቶ እጅ ነሣ። ጋሽ ዘነበ ብቻ ዓይናቸውን ከሰሃናቸው አላነሡም። ያን ጊዜ ዘሐራ ቦርሳዋን ከፍታ ደብተሯን አወጣች። ያለችው አዋጅ አልነበረም፤ ከጎኗ የተቀመጡት እንኳ ጎንበስ ብለው ነው የሰሟት።

«ሳህሌዬ፣ አትቀየመኝ። ስምንት ነበርን። ሦስቱን ዶክተር ጊል ነው ያበደረን፤ ስትለምነው ከመኪናህ ኋላ ሆኜ ሰምቻለሁ። ጋሽ ዘነበም ይቅር ይበሉኝና፣ ያን ቅዳሜ ሳክራሜንቶ ልጃቸው ቤት ነበሩ። አጠገብህ የቆመው የዶክተሩ ታናሽ ወንድም ነው። ‹በሞቴ እርስዎ› እያልክ ጎንበስ ስትልለት ግራ ገባው፤ አይቶ አይቶህ፣ ራሱ ያዛት። ወንድሙን እኮ ነው ያስወጣው።»

ገጹን ወደ ሳህሌ አዞረችና ጣቷን ከታችኛው መስመር ላይ አኖረች።

«ስሙን ጠይቄ ጽፌዋለሁ። ጉርዲፕ ይባላል። ኢትዮጵያ ከሚለው ሥር ነው ያለው።»