«እጅግ ከባድ» ያልኩት ወረቀት

የዘጠነኛ ክፍል ጥያቄ አባዝቼ፣ ከላዩ ላይ በቀይ ስክሪብቶ «እጅግ ከባድ» ብዬ ጽፌ፣ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ሰጥቻለሁ። አንዴ ብቻ አይደለም። ሳላውቅም አይደለም። ልትፈርዱብኝ ትችላላችሁ፤ ብቻ ፍርዱን እስክጨርስ አቆዩልኝ።

እኛ ከባድ ነገር እንወዳለን። የሌላውን አገር አላውቅም፤ በእኛ በጎጃም ግን መድኃኒት ካልመረረ አያድንም። ጾሙ ጉልበት ካላንቀጠቀጠ የጾምን አይመስለንም። ግማሹን ክፍል የሚጥል መምህር «ጎበዝ ነው» ይባላል፤ ሁሉን የሚያሳልፈው ደግሞ «ምኑን አስተማረው!» ተብሎ ይታማል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለን እንተርታለን፤ እንቁላሉን ግን ገና ሳይፈለፈል ዳገት ካልወጣህ እንለዋለን። የቅኔ ተማሪ እንኳ በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ወድቆ ተነሥቶ ነው ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው። ገና የመጣውን ልጅ «መወድስ ካልተቀኘህ ውጣ» የሚል የኔታ እስካሁን አልሰማሁም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የምናውቀው ግን ለቅኔ ብቻ ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ከዚያ በፊት ጥቂት ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ፤ ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና መለማመጃ ስሸጥ እንደ ሽንኩርት አልሸጥም። ጥያቄዎቹን ለይቼ በሦስት ክምር አስቀምጣለሁ፤ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ። ወላጅ ይመጣል፣ ሦስቱን ያያል፣ «ከባዱን ስጪኝ» ይላል። ሁሉም! በሬ ሲገዛ ትልቁን እንደሚመርጠው ነው። የቀላሉ ክምር አቧራ ሲጠጣ ይኖራል። «ልጄ ገና ነው፣ ከቀላሉ ስጪኝ» ያለኝ ወላጅ ቢኖር እጁን እስም ነበር።

አያ ጥሩነህም እንደዚያው ነበሩ። ከከተማው ራቅ ያለችው የቁይ ገበሬ ናቸው። በገበያ ቀን ሚኒባስ ተሳፍረው፣ ልጃቸውን ስመኝን አስከትለው መጡ።

«እታለም፣ ከባዱን ስጭኝ። ከከባዱም ከባዱን።»

«አያ፣ ከመካከለኛው ብትጀምር አይሻልም?»

«ፈተናው መካከለኛ ነው?»

ምን ይባላል! ሰጠኋቸው። ስመኝ ከኋላቸው ቆማ ዓይኗ የቀላሉ ክምር ላይ ነበር። አየኋት፤ ገንዘቡን ተቀበልኩ።

ሠርታ የምትጨርሰውን የማርምላት እኔ ነበርኩ። ከወር በኋላ አባትና ልጅ ተመለሱ። ወረቀቱን አረምኩት። ከዳር እስከ ዳር ኤክስ ሆነ። አያ ጥሩነህ የጥያቄውን እንግሊዝኛ ማንበብ አይችሉም፤ ኤክስና ራይት መለየት ግን አያቅታቸውም።

«በቃ፣ አልቻለችም» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሽማግሌ ልከውብኝ ‹ትማር› ብዬ መልሼያቸው ነበር። አሁንም ደጄን አልለቀቁም። እኔስ ምን ላድርግ? ይኸው ወረቀቱ መሰከረ።»

ስመኝ የነጠላዋን ጫፍ እየቋጠረች ትፈታለች፤ እየፈታች ትቋጥራለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ወረቀቱ መሰከረ! አያችሁ የእኛን ነገር? ወይፈን እንኳ ሲገራ ከለመደ በሬ ጋር ተጠምዶ፣ በለሰለሰ ማሳ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ ቀን ድንጋያማ ተረተር ላይ ጠምዶት «አያርስም፣ ይታረድ» የሚል ገበሬ የለም። ሴት ልጅ ስትሆን ግን አለ። ደሜ ፈላ። ከማባዣው ጀርባ ዞርኩና አቧራ ከጠጣው የቀላሉ ክምር የዘጠነኛ ክፍል ጥያቄ አንድ እፍኝ አነሣሁ፤ «እጅግ ከባድ» ብዬ ጻፍኩበት። እሳቸው አንድ ምስክር አምጥተው የለ? እኔም ሌላ አቆምኩ። የእኔው የሐሰት ምስክር መሆኑ ነው ልዩነቱ።

«ይሄን ትሞክር። ካቃታት ያኔ እንደፈቀዱ» አልኳቸው።

በሚቀጥለው ሲመጡ ወረቀቱ ራይት በራይት ሆነ።

«ይሄ ሁሉ ራይት ነው?»

«ራይት ነው፣ አያ።»

«ከከባዱ?»

«ያንብቡት እንጂ!»

ድሮ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸው። «እ... ጅግ... ከ... ባድ» አሉና ወረቀቱን ሳሙት። ሽማግሌዎቹ በዚያው ሳምንት ሌላ ደጅ ለመፈለግ ሄዱ። ወሬው ደግሞ አላረፈም። ሌላም ወላጅ መጣ፣ ሌላም። ሁሉም ያንኑ ፈለገ። እኔም ጻፍኩ። ክፉ ሥራ አንዴ ከተሳካ ሙያ ይሆናል።

እውነትና ንጋት ግን እያደር ይጠራል። የፈተናው ጊዜ ሲቃረብ ስመኝ ብቻዋን መጣች። የጎረቤቷ ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ «የቤት ሥራዬን አሳዪኝ» ብላ ደብተሯን ስትዘረጋላት፣ ጥያቄው ያው የእኛው «እጅግ ከባድ» ሆኖ አገኘችው።

«እትዬ» አለችኝ፣ ሳትቀመጥ። «ለአባቴ መዋሸትዎ ይሁን። ለእኔ ግን ለምን ዋሹኝ? ያወቅሁ መስሎኝ ነበር እኮ!»

«አይዞሽ ማለቴ ነበር። ወይፈን ሲገራ መጀመሪያ የለሰለሰ ማሳ ነው የሚገባው። የገበሬ ልጅ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ። አባቴ ወይፈኑን በለሰለሰ መሬት ይጠምደዋል። ድንጋያማ ነው ብሎ ግን አይሸነግለውም።»

 ከማስተማር ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያረመኝ ተማሪ አልነበረም።

«አሁን ራሴ ልምረጥ» አለችና ሦስቱንም ክምር ወለሉ ላይ ዘርግፋ መሐሉ ተቀመጠች። አንዱን ታነሣና ታነባለች። ሳትጨርሰው መልሱ ከመጣላት በግራዋ ታስቀምጠዋለች። ምን እንደሚጠይቅ እንኳ ካልገባት በቀኟ። ጀምራ መሐል ላይ የምትቆምበትን ብቻ ጭኗ ላይ ትደርባለች።

«እነዚህን ለምን?» አልኳት።

«እነዚህን ለመሥራት የቀረኝ ትንሽ ነው።»

ሌላም ቀን መጣች። በመጀመሪያው ቀን በቀኟ ካስቀመጠችው ውስጥ አንዳንዱ ጭኗ ላይ መውጣት ጀምሮ ነበር። የመረጠችውን ሰብስቤ እንደ ልማዴ ቀዩን ስክሪብቶ አነሣሁ።

«ምን ብዬ ልጻፍበት?»

«ምንም አይጻፉበት።»

አሁን ፍረዱብኝ። ፍረዱ እንጂ! ግን ያን ቀን እውነቱን ብናገር፣ «ልጅዎ ገና ናት» ብል፣ እውነቴ ልጂቱን ሙሽራ አድርጎ ይሸኛት ነበር። ለአባትየው በመዋሸቴ ጸጸት ይመጣል ብዬ እየጠበቅሁ ነው፤ እስካሁን አልመጣም። ለልጂቱ በመዋሸቴ ግን ሳልጠራው መጥቶ ተቀምጧል። ባላወቀችው ነገር አወቅሁ ብላ የሄደባት ጊዜ የእኔ አልነበረም፤ የእሷ ነበር።

ስመኝ አለፈች። ዩኒቨርሲቲ ገባች።

እኔም እፎይ ብዬ፣ ከእንግዲህ አልዋሽም ብዬ ተቀምጫለሁ። አያ ጥሩነህ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ከተፍ አሉ።

«ይቺ ናት!» አሉ በጣታቸው እያሳዩኝ። «ያቺን ‹እጅግ ከባድ›ሽን አምጫት። ልጄን ያሳለፈቻት እሷ ናት!»

እውነቱን ነገርኳቸው። «አያ ጥሩነህ፣ ያ ወረቀት የዘጠነኛ ክፍል ነበር። ቀላሉ ነው። እኔ ነኝ ከባድ ብዬ የጻፍኩበት። ልጅዎ ያለፈችው ራሷ መርጣ በሠራችው ነው።»

 አያ ጥሩነህ በሳቅ ፈነዱ።

«አያችሁልኝ? ልትደብቅብን ነው! ለማርቆስ ልጆች ልታስቀረው!»

ብምል ብገዘት የሚያምነኝ ጠፋ። በውሸቴ ተመርቄ፣ በእውነቴ ተረግሜ ቀረሁ። ተያይዘው ወጡ። ከጎኔ ያለው ሱቅ ገብተው «ከእሷም የባሰ ከባድ አለህ?» ሲሉ በግድግዳው ሰማኋቸው።

ቀዩን ስክሪብቶ ጥዬዋለሁ። ክምሮቹ ዛሬ ስም የላቸውም፤ ልጁ ራሱ ተቀምጦ ይመርጣል፣ ወላጅ ደጅ ይጠብቃል። የተቆጣ ይቆጣ። ነገር ግን ከእጄ «እጅግ ከባድ» የሚል ወረቀት ወስዳችሁ፣ ልጃችሁ እሱን ጨርሶ «ደርሻለሁ» ብሎ የተዘናጋባችሁ ካላችሁ፣ ልጁን አትቆጡት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በሉኝ።