ደጃፍ ላይ የሚቆም ጌም

ብልሽት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ሰካራም ነው፤ የትም፣ መቼም፣ ያለ ምክንያት ይወድቃል። ሌላው እንደ ግትር በቅሎ ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ብትገፉት፣ ብትለምኑት፣ ብትሰድቡት ያው ነው። ለመጀመሪያው እዘኑለት። ሁለተኛው ግን ሊነግራችሁ የፈለገው ነገር አለ። (ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ እንደ አዋቂ ስናገር ብትሰሙኝ አትታለሉ።)

ላሊበላ የመጣሁት ጸጥታ ፈልጌ፣ ለመጻፍ ነበር። ጸጥታውን አገኘሁት። ጽሑፉን አላገኘሁትም። ላፕቶፕ ተሸክሞ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ደግሞ እዚህ አገር ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት ላፕቶፕንም እንደሚጨምር ማን ይንገራቸው?

ጎረቤቴ ደሳለኝ አስጎብኚ ነው። ጎብኚ ከሳሳ ወዲህ በትርፍ ጊዜው፣ ማለትም ቀኑን ሙሉ፣ ጌም ይሠራል። የእሱ ኮምፒውተር አሮጌ ስለሆነ ጌሙን በእኔ ላፕቶፕ ላይ ጫንነው።

ተኩስ የለበትም። መኪና የለበትም። አንድ ነጠላ የለበሰ ሰውዬ አለ። ሰውዬው ከአለት ወደ ተፈለፈለው ደብር የሚያወርደውን ደረጃ ይወርዳል፤ አደባባዩን ይሻገራል፤ ደጃፉ ላይ ይደርሳል፤ አንድ እግሩን ወደ ውስጥ ያነሳል።

ጥቁር።

ጌሙ ይዘጋል። በእንግሊዝኛ የተጻፈች አንዲት መስመር ብልጭ ብላ ትጠፋለች።

የተሠራው ለአንድ ተጫዋች ነው፤ ለደሳለኝ አባት። መሪጌታ ጥበቡ ዕድሜያቸውን ያገለገሉበትን ደብር ደረጃ፣ ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ሊወርዱት አልቻሉም። ከአለቱ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ዜማው ከታች ሲወጣ ያዳምጣሉ። የሚናፍቁት አንድ ነገር ነው፦ ከተማሪነታቸው ጀምሮ ማሕሌት ሲቆሙ ይደገፉት የነበረው ዓምድ ሥር አንዴ መቆም። «ለምን አይሸከሟቸውም?» ትሉ ይሆናል። ተጠይቀው ነበር። «በሸክም የምገባው ስሞት ነው» አሉ። ስለዚህ ልጃቸው ዓምዱን ፎቶ አንስቶ፣ በክንድ ለክቶ፣ ጌሙ ውስጥ አቆመው። ውስጡ ዝግጁ ነው። የሚገባ ጠፋ እንጂ።

አጥፍተን አበራነው። ሰርዘን እንደገና ጫንነው። መብራት ሄዶ መጣ፤ በመብራት አሳበብን። ከዚያ በኔትወርክ፤ ጌሙ ኔትወርክ እንደማይጠቀም ትዝ ያለን ኋላ ነው። እኛ ሰዎች ጥፋተኛ ስንፈልግ ሁልጊዜ ከሩቅ ነው የምንጀምረው። በመጨረሻ እኔ፣ ሊቁ፣ «ከብዶት ይሆናል፤ ዓምዱን እናውጣው» አልኩ።

ደሳለኝ አፈጠጠብኝ። «ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው የሚገቡት?»

በሦስተኛው ቀን የኔታ ጥበቡ ራሳቸው መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ስክሪኑን እምብዛም አያዩትም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ጆሯቸውን ሰጡን።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ደጃፍ። ጥቁር።

«ድገመው» አሉ።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ጥቁር።

«አንተ ደሳለኝ፣ ይኼ ሰውዬ ምን ተጫምቷል?»

«እ... አባዬ፣ ሰውዬውን ከኢንተርኔት ነው ያወረድኩት። ከነቦት ጫማው ነው የመጣው። ነጠላውን ነው እኔ የደረብኩለት።»

«እና ከነቦት ጫማዬ ቤተ ክርስቲያን ልታስገባኝ ነው?»

«ጌም እኮ ነው፣ የኔታ» አልኩ ለማስታረቅ።

«እሱማ ከእናንተ ይሻላል። አልገባም ብሏል።»

ሳቅን። ከዚያ ደሳለኝ መሳቁን አቆመ። «ቆይ» አለ። «ቆይ፣ ቆይ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የእርምጃውን ድምፅ ደሳለኝ የቀረጸው በስልኩ፣ በገዛ እግሩ ነው። ጫማ በድንጋይ ላይ ቀርጿል። ባዶ እግር በድንጋይ ላይ ቀርጿል። ባዶ እግር በምንጣፍ ላይ ቀርጿል። ጌሙ ለእያንዳንዱ እርምጃ እግሩንና ወለሉን አይቶ የሚስማማውን ድምፅ ይፈልጋል። ምንጣፉ የሚጀምረው ደግሞ ደጃፉ ላይ ነው። ቦት ጫማው ምንጣፉን ሲረግጥ ጌሙ የጫማ በምንጣፍ ላይ ድምፅ ፈለገ። የለም። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ድምፅ ማን ሰምቶ፣ ማን ይቀርጻል? ያቺ ብልጭ የምትለው መስመር ሦስት ቀን ሙሉ የነገረችን ይህንኑ ነበር። አላነበብናትም። ስሕተታችን ሲጻፍልን አናነብም፤ ስንሰደብ ነው የሚገባን።

ደግሞ አስቡት። ደሳለኝ በሕይወቱ ከ«እንደምን አደራችሁ» ይበልጥ የተናገረው ነገር ቢኖር «እባክዎ ጫማዎን እዚህ ያውልቁ» ነው፤ ያውም በአራት ቋንቋ። የዓለምን ሕዝብ ሲያስወልቅ ኖሮ የራሱን ሰውዬ ረሳው።

ምሳ ሳንበላ ሰውዬውን ደጃፉ ላይ ጫማ እንዲያወልቅ አደረግነው። ገባ። ድምፁ ተለወጠ፤ ለስለስ አለ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆጥሩ ጀመር።

«ወደ ግራ በለው። ዘጠኝ... አሥር... አሥራ አንድ። ቁም!»

ሰውዬው ቆመ። ዓምዱ በትከሻው በኩል ነበር። የኔታ መቋሚያቸውን ወደ ብብታቸው ሳብ አድርገው፣ ከወገባቸው ቀና አሉ።

ደሳለኝ ግን ደስታው አላስቀምጠው አለ። መውጫውንም ላሳያቸው ብሎ «ውጣ» የሚለውን ተጫነ። ሰውዬው ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ጌሙ ግን አልተዘጋም። በዚህኛው ጊዜ መስመሯን አነበብናት፦ ጫማው አልተገኘም። አስወለቅነው እንጂ የት እንደሚያስቀምጠው አልነገርነውም።

«ምን ሆነ?» አሉ የኔታ።

«ጫማው ጠፍቶበት መውጣት አልቻለም፣ አባዬ። አሁን አስተካክለዋለሁ...»

መቋሚያው በልጁ እጅና በላፕቶፑ መካከል አረፈ።

«እጅህን ሰብስብ። በር ላይ ሲቆም ነው ብልሽት። እዚህ ሲቆም ምኑ ተበላሸ?»

እኔም የላፕቶፔ ባትሪ እስኪያልቅ ነው ብዬ ጠበቅሁ። መብራት ግን፣ ሲፈለግ የሚጠፋው መብራት፣ እስካሁን እንደበራ ነው፤ ሰውዬውም እንደቆመ ነው።

ይህን የጻፍኩት በእስክርቢቶ ነው።