የባሕር በርና የአጥር በር

የሰው አገር የሚወስድ ሰው ሁልጊዜ ምሳ ከበላ በኋላ ነው የሚወስደው። በባዶ ሆዱ ድንበር የገፋ ወንድ እኔ አላየሁም። የዚያን እሁድ እቤታችን የነበርነውን ልቁጠርላችሁ፦ ባለቤቴ ሙሉጌታ፣ ታናሽ ወንድሙ ካሳ፣ ሃያ ዓመት የሞላው ልጄ ናሆም፣ እኔ፣ እና ማንም ሳይጋብዘው ከጠዋት ጀምሮ የሚጮኸው ቴሌቪዥናችን። አንድ ሰው ደግሞ አጥሩ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ያንን ግን ያወቅነው ሳህን ሲሰበር ነው።

ስለ አጥሩ በር ላስረዳችሁ። መካኒሳ አቦ ስንኖር አሥራ ስምንት ዓመታችን ነው። ከጎረቤቴ ከለተብርሃን ጋር የሚያዋስነን የቆርቆሮ አጥር አለ፤ አጥሩ መሀል ላይ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ትንሽ በር አለ። የእኛ ቧንቧ ከደረቀ ቆይቷል፤ የእሷ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። ስለዚህ የውሃ ጎማችንን በዚያ በር አሾልከን ከእሷ እንቀዳለን። እሷም ሽንኩርት ሲያልቅባት እኔን አትጠይቀኝም፤ ገብታ ትወስዳለች። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ያለው ሰውዬ እንዲህ ያለ በር ቢኖረው ነው።

እናላችሁ፣ ምሳ ተበልቶ እንዳበቃ ቴሌቪዥኑ ላይ ክርክር መጣ። አንዱ አሰብን ከጎረቤታችን ጋር ተስማምተን እንጠቀምባት ይላል፤ ሌላው በጉልበትም ቢሆን ትወሰድ ይላል። እኔ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ካርታ ላይ አልደረስኩም። ካሳ ግን ሚኒባስ ስለሚነዳ መንገድ የሚባል ሁሉ የእሱ ነው። ትሪውን አገር አደረገው፣ የውሃ ብርጭቆውን ቀይ ባሕር፣ የጨው ዕቃዬን ደግሞ አሰብ። ሌላ ጊዜ ጨው አቀብለኝ ቢሉት የማይሰማ ሰው፣ ያን ቀን በሁለት እጁ ነው የሳባት።

«እሷ ድሮም የእኛ ነበረች» አለ።

«እኛው ነን ዝም ብለን የለቀቅናት» አለ ባለቤቴ ጥርሱን እየጎረጎረ።

«ጎረቤት ነው እያልን እስከ መቼ እናፍራለን? እሺ ካለች በሰላም፤ እምቢ ካለች ጠቅልለን ነው የምናመጣት።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ለሁለት ቀን ይጮኻሉ፤ ከዚያ ይለምዱታል። አንዴ ከተያዘች በኋላ ሽማግሌ ቢልኩ ምን ይፈይዳል?»

ናሆም ከስልኩ ቀና ሳይል «እኔን ግን እንዳታስገቡኝ» አለ።

«ዋናው አንተ አይደለህ እንዴ?» አለው ካሳ። «እኔና አባትህማ አርጅተናል።»

እዚህ ላይ ጭልፋው ከእጄ ወደቀ። ወንዶች ስለ ባሕር ሲያወሩ እናት ልጇን በዓይኗ ትለካለች። ናሆም ብርድ አይችልም፤ ሙቀትም አይችልም፤ ካልሲውን የምፈልግለት እኔ ነኝ። ይህን ልጅ ነው እንግዲህ ባሕር የሚያስመልሱት... «ካሳ፣ ልጄን ከአፍህ አውጣልኝ» ልል ስል ከደጅ ሳህን ተሰበረ።

ስንወጣ ማንም የለም። ባለፈው ወጥ የላክሁበት ሳህኔ፣ ለተብርሃን ልትመልስልኝ ይዛው የመጣችው፣ በሩ ሥር አራት ቦታ ሆኗል። ከወዲያ በኩል መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማን። በሩ መቀርቀሪያ እንዳለውም ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ነገሩ ወዲያው የገባኝ መሰለኝ። ለተብርሃን የተወለደችው አሥመራ ነው። አፋችንን ሞልተን የአገሯን መሬት ስንከፋፈል ሰምታናለች፤ ብትቆጣ ምን ይፈረድባታል? ሰኞ በሩ ዝግ። ማክሰኞ ውሃ መጣ፤ የእኛ ጎማ ግን አጥሩ ሥር እንደ ሞተ እባብ ተጋድሟል። ረቡዕ ደግሞ ሴት ልጇን ሰናይትን ሻንጣ አስይዛ ጎፋ አክስቷ ቤት ላከቻት። ልጅ ማሸሽ ከተጀመረማ ጦርነቱ ገብቷል ብዬ የናሆምን መታወቂያ ከፍራሽ ሥር ደበቅሁ። ዓርብ ባለቤቴ ሁለት ጀሪካን ተሸክሞ፣ እያለከለከ ከቦኖ መጣ።

«ምነው፣ ቀይ ባሕር ይርቃል?» አልኩት።

ጀሪካኖቹን አውርዶ ወገቡን ያዘ። የባሕር በር ሲፈልግ የአጥር በሩን ያጣ ቤት የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ቅዳሜ ዳቦ ይዤ በዋናው መንገድ ዞሬ የፊት በሯን አንኳኳሁ። አጥራችን አንድ ሆኖ ሳለ እንደ እንግዳ ዞሮ መሄድ እንዴት እንደሚያሳፍር አትጠይቁኝ።

«ለቱዬ፣ ይቅር በይን» አልኳት ገና ስትከፍት። «ወንዶች ናቸው፤ ሲጠግቡ የሚሉትን አያውቁም። ማንም አይወስዳትም።»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለች። ዳቦውን አላየችውም። «ባሌ ስለሞተ ጠያቂ የላትም ብላችሁ ነው።»

የባሏን ሞትና አሰብን ምን እንዳገናኛቸው አልገባኝም። እኔ ግን ማስታረቄን ቀጠልኩ። «ለመሆኑ እኛ እሷን ምን ልናደርጋት? ሙቀት ብቻ ናት አሉ። አንድ ዛፍ እንኳን የላትም።»

«ማን ናት ዛፍ የሌላት?»

«ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ ዞር ብሎ ያያትም የለም ይባላል።»

ለተብርሃን ደረቷን ያዘች። «የናሆም እናት፣ ልጄን ነው እንዲህ የምትያት?»

«አሰብን ነው እንጂ። ሰናይትን ማን ነካት?»

ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረችልኝ። «ጠቅልለን እናመጣታለን፣ ዋናው ናሆም ነው፣ ከተያዘች ሽማግሌ አይፈይድም... ይህ ሁሉ ስለ አሰብ ነው?»

«ስለ አሰብ ነው።»

አያችሁ አማርኛችንን። ከተማዋንም «እሷ» ይላል፤ ልጃገረዷንም «እሷ» ይላል። በኋላ ሳስበው ግን ለተብርሃን ብዙም አልተሳሳተችም። ድሮ የእኛ ነበረች፣ እምቢ ብትልም እንያዛት፣ ሽማግሌው ኋላ ይደርሳል... ይህ ጠለፋ ካልሆነ ምንድን ነው? ሰው ስለ ልጃገረድ እንዲህ ቢል ፖሊስ ይፈልገዋል፤ ስለ አገር ሲል ግን ቴሌቪዥን ይጋብዘዋል።

«እኔ እኮ ለናሆም ሊጠልፉልኝ ነው ብዬ...» እያለች በሩን ተደግፋ ሳቀች። እኔም፣ ካልሲውን የማያገኝ ልጅ የሰው ልጅ ሲጠልፍ ታየኝና እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ከዚያ እሷ ቀድማኝ አቆመች።

«አሰብ እኮ ወንድሜ አለ» አለች።

አሥራ ስምንት ዓመት አንድ ውሃ ስንጠጣ ይህን ነግራኝ አታውቅም። ታናሿ ነው፤ ዮናስ ይባላል፤ ወደቡ ላይ በያጅ ነበር። የሁለቱ አገሮች ስልክ ተከፍቶ በነበረ ጊዜ ደውሎ «እመጣለሁ» ብሏት ነበር። ስልኩ ተመልሶ ሲዘጋ ድምፁም አብሮ ጠፋ።

«ካሳ ሲጠቀልላት ዮናስስ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ ለአንድ ልጄ ስንሰፈሰፍ፣ እዚያም የሰው ልጅ መኖሩን አላሰብኩም ነበር። ዳቦውን ቆርሼ ሰጠኋት፤ ያዘችው እንጂ አልበላችም።

መቀርቀሪያው የዚያኑ ቀን ተከፈተ፤ ሰናይትም ከጎፋ ተመለሰች። ካሳ ራሱ ሄዶ ይቅርታ ጠይቋል። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ሲመጣ ከተማን ሁሉ «እሱ» ነው የሚለው።

ይህን የምታነቡ፣ አሰብ ዘመድ ያላችሁ ወይም ከዚያ የመጣ ሰው የምታውቁ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዮናስ አሁን አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ሲናገር ትንሽ ይንተባተባል። ያየው ወይም ስለ እሱ የሰማ ሰው ካለ፣ ደህና መሆኑን ብቻ ይንገረን።