አቶ የተለመደው እና የዕቃ ዝርዝራቸው

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሰው ሁሉ ልቡን የሚያነብለት የሚመስለው አንድ ፍጡር አይጠፋም። የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች የሚበየዱበትን ሰሌዳ፣ ሰርኪት ቦርድን፣ በትእዛዝ በሚገጣጥመው ፋብሪካ ይህ ፍጡር ደንበኛ ነው። ቦርዱን ራሳቸው ይነድፋሉ፣ ፋብሪካው ይገጥምላቸዋል። ሠራተኛው "አቶ የተለመደው" ይላቸዋል። ለፋብሪካው የግዢ ኃላፊ የሚልኩላት የዕቃ ዝርዝር አምራች የለው፣ መለያ ቁጥር የለው። "ካፓሲተር፦ የተለመደው። ማገናኛ፦ ጥቁሩ።" በቃ።

ስልክ የምትደውልላቸው ደሟ ፈልቶ ነው።

"የትኛው ጥቁር?"

"ትንሹ ነዋ።"

"ከምን ያነሰው?"

"ከትልቁ። ኧረ እህቴ፣ ይገባሻል እኮ።"

አብረው ስለተማሩ አፏ ላይ የመጣውን ስድብ ትውጠዋለች። ክቡርነታቸው አንድ ጊዜማ "ያ ባለፈው ያስቸገረን ሳይሆን ደህነኛው" ብለው ጽፈውላት ቀኑን ሙሉ ስትነድ ውላለች።

የፈሩት ይደርሳል። እሳቸው ለሆስፒታል የማስጠንቀቂያ ደወል ያዘዙት ቦርድ ሁሉ የተሳሳተ ማገናኛ ተበየደበት፤ ገመዱ አልገባ አለ። ሥራ አስኪያጁ ጠራት።

"የገዛሽው አንቺ ነሽ። ነገ መፍትሔ ይዘሽ ካልመጣሽ ዕቃሽን ሰብስቢ።"

የተበላሹትን በሳጥን ታቅፋ ወደ አቶ የተለመደው ቢሮ ነጎደች። ጠረጴዛቸው ላይ ለሌላ ፋብሪካ የሚላክ ዝርዝር ተዘርግቷል። የእያንዳንዱ ዕቃ አምራች፣ ሙሉ መለያ ቁጥር፣ ብዛት፣ ቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ከገበያ ከጠፋም ምትኩ ሳይቀር ተጽፏል። እንከን አይወጣለትም።

"ትችላለህ ማለት ነው?" አለች ዝርዝሩን አንስታ። "እየቻልክ ነው ከሥራ የምታስባርረኝ?"

"እነሱ እኮ አያውቁኝም" አሏት፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው። "አንቺ ታውቂኛለሽ።"

ይሄኔ ይብስ ተናደደች። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወጣች።

አቶ የተለመደው ያኔውኑ ተከትለዋት ሄደው ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሙ። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማስተካከያውንም እኔ እከፍላለሁ" አሉ። ማብራሪያ የማያስፈልገው ነገር ከአፋቸው ሲወጣ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

በሳምንቱ አዲስ ዝርዝር መጣ። "ለተከበሩ የግዢ ክፍል ኃላፊ" ይላል። አምራቹም፣ ቁጥሩም፣ ምትኩም አለ። የምትጠይቀው አጥታ ከላይ እስከ ታች ደግማ አነበበችው። ከዚያ ደወለች።

"አቤት፣ ምን ጎደለ?" አሉ በድንጋጤ።

"ምንም አልጎደለም" አለች ተቆጥታ። "ከመቼ ወዲህ ነው ላንተ 'የተከበሩ' የሆንኩት?"