ክብርት ሽቦ ሚዛን ላይ ሲወጡ

በየዶርሙ አንዲት አትጠፋም። ሦስቱ ልንከሳ ብለው ሲራቡ፣ አራተኛዋ የሦስቱንም ድርሻ በልታ ክር መስላ ትገኛለች። ፈጣሪ ይህችን አራተኛ የሚልካት ትዕግሥታችንን ሊፈትን እንጂ ለሌላ ነገር አይመስለኝም።

ለእኔ የደረሱኝ ክብርት ሽቦ ናቸው። «ሽቦ» ያልናቸው ሁላችን ነን። አንቱታው ግን የእኔ ብቻ ነው፤ ከአክብሮት ሳይሆን ከቅናት የመጣ ነው።

ክብርት ከእኔ በላይ ባለው አልጋ ይተኛሉ። እሳቸው ሲወጡበት ድምፅ የለውም፤ እኔ ከታች ስገላበጥ ጎረቤት ክፍል ይሰማል። ጠዋት ሁለት ዳቦ በማር፣ ረፋድ ላይ ብስኩት፣ ምሳ ላይ አንድ ሰሃን ፓስታ ይበላሉ። ከዚያ እኔ የተውኩትን ጨርሰው ሆዳቸውን ይዳብሱና «ዛሬ እኮ ምንም አልቀመስኩም!» ይላሉ። እኔ ያን ጊዜ በእጄ ያለው ካሮት ነው።

ያልሞከርኩት የለም። በባዶ ሆዴ ሙቅ ውሃ በሎሚ ጠጥቻለሁ፣ እራት ትቻለሁ፣ የአራተኛ ፎቅ ደረጃችንን ያለ ጉዳይ ወጥቼ ወርጃለሁ። ክብርት ኦቾሎኒ እየቆረጠሙ ያልፉኝና «አይዞሽ፣ በርቺ!» ይሉኛል። ገፍትሬ አለመጣሌ ብቻ ያጸድቀኛል። ቅናት ያከሳል ሲባል እሰማ ነበር፤ ውሸት ነው። በእሳቸው ስቀና ሁለት ኪሎ ጨምሬያለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚዛን አለ። ሚዛኑ አብራን የምትኖረው የፋርማሲ ተማሪ ንብረት ነው። እኔ ጫማዬን፣ ጉትቻዬን፣ የፀጉር ማስያዣዬን ሳይቀር አውልቄ፣ ትንፋሼን አስወጥቼ እወጣለሁ። ክብርት ግን ከነካፖርታቸው ነው የሚወጡት። ንቀት ይመስለኝ ነበር። እሳቸውማ ምን ቸገራቸው!

ባለፈው ቅዳሜ ሲወርዱ ካፖርታቸው የአልጋውን ብረት መታና ድው አለ። ከኪሳቸው አንድ ጓጉንቸር ቁልፍ ዱብ አለ። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው ደግሞ፣ ሳምንት ሙሉ ስፈልገው የሰነበትኩት የራሴ ቁልፍ ነበር።

«ምንድነው ይሄ?» አልኳት። አንቱታው ጠፋኝ።

«ለእማዬ ነው» አለች፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ። «በየሳምንቱ ሚዛኑን ፎቶ አንስቼ እልክላታለሁ። ሃምሳ ካልሞላሽ ከክረምት በኋላ አትመለሺም፣ እዚሁ አጠገቤ ትማሪያለሽ ብላኛለች። አርባ ሰባት ነኝ። ሐኪም ጋ ሁለቴ ሄጃለሁ፣ ጤነኛ ነሽ ይሉኛል። እማዬ ግን አታምንም።» አፍንጫዋን በካፖርቷ እጅጌ ጠረገች። «አንቺ እኮ ታድለሻል። ያንቺን ጉንጭ ቢሰጠኝ ምን ነበረበት!»

በእኔ የቀና ሰው ኖሮ አያውቅም። ጉንጬን ነካ ነካ አደረግኩት። ቀጥሎ የመጣብኝ ግን ፍርሃት ነው፦ ልትሄድብኝ ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ «በወፈረች» እያልኩ በክፋት ስመኝ ኖሬ፣ ከልቤ የተመኘሁት ያን ቀን ነው።

የፋርማሲዋ ልጅ ቁልፎቹን ወረሰች። «ሚዛኔንማ አታስዋሹትም!» ብላ ካፖርቱንም ከለከለች። ሳምንቱን ሙሉ ዳቦዬን ለሽቦ አሳለፍኩላት፤ እሷም ያለ ተቃውሞ በላችው።

ዛሬ በስስ ቲሸርት ወጣች። ዓይኗን ጨፍና «ስንት ነው?» አለች። ስልኳን ይዤ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። መርፌው አርባ ሰባት ላይ ነው፤ ንቅንቅ አላለም። የፋርማሲዋ ልጅ ወደ መስኮቱ ዞር ስትል የቀኝ እግሬን አውራ ጣት ሚዛኑ ጠርዝ ላይ ጫን አደረግኩ። ጣቴ እንዳይታይ መርፌውን ብቻ አስጠግቼ አነሳሁ።

«ሃምሳ!» አልኳት።

ጮኻ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሦስት ኪሎ የሚመዝን አውራ ጣት አለኝ ማለት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አላፈርኩበትም።