ለግሩፑ እንዳትነግር

እውቀቱን ለሌላው ማካፈል የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ የላሊበላ አስጎብኚዎች ሁላችንም እንደዚያ ነን፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የማኅበራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ምስጋናው፣ «አዲስ ሐሳብ የሚወለደው ስንነጋገር ነው» ብለው በስልካችን ግሩፕ ከፈቱልን። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው «እንዴት አደራችሁ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው የአበባ ፎቶዎች ይደርሱናል።

ባለፈው ክረምት እንግዶች ይዤ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ስሄድ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ጠበቀኝ። እንግዶቹ በማግስቱ ወደ አገራቸው በራሪ ናቸው። ጨንቆኝ ግሩፑ ላይ «ሌላ መንገድ የሚያውቅ አለ?» ብዬ ከነፎቶው ጻፍኩ። አንዱ «አይዞህ» አለኝ። ሌላው ፎቶው እንዳማረ ነገረኝ።

ወዲያው ባልደረባዬ ሙላት ደወለ።

«በቀኝህ ያለውን ጋራ ውጣና በጫካው በኩል ውረድ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ያደርስሃል።»

«ታዲያ ለምን ግሩፑ ላይ አልጻፍከውም?»

«ወንድሜ፣ እዚያ ከጻፍኩት እኮ ሁሉም ያውቀዋል። አንተም ለማንም እንዳትናገር።»

ምስጢሬን ይዤ ጋራውን ወጣሁ። አናቱ ላይ የማኅበራችን ግማሹ አባል ከነእንግዶቹ ተቀምጦ ያርፋል። ለካ ለእያንዳንዱ አንድ ወዳጅ ደውሎ «ለማንም እንዳትናገር» ብሎት ኖሯል። ሰላም ተባባልን እንጂ ማንም ማንንም አልጠየቀም። እንግዶቻችንም ቤተ ክርስቲያኑን አይተው ደስ ብሏቸው ተመለሱ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጋሽ ምስጋናው፣ «ይህን አዲስ መንገድ ያስገኘልን ግሩፑ ነው» አሉ። ሁላችንም አጨበጨብን። ግራ ቢገባኝ አጠገቤ የተቀመጠውን ሙላትን፣ «ለመሆኑ ለአንተ ማን ነገረህ?» አልኩት።

«እሱን እንኳ አልነግርህም» አለኝ እያጨበጨበ፤ «አደራ ብሎኛል።»