የአቶ ጥላዬ ዕቅድ

ቁጭ ማለት የማይሆንለት ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ከሸዋ ተሾሞ የመጣው ወዳጄ ጥላዬ ነፍሱ እግሩ ውስጥ ያለች ይመስለኛል። ሥራው ሐረርን ለውጭ አገር ሰዎች ማስጎብኘት ነው።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሦስት ፈረንጆች አስከትሎ፣ እኔንም ጎትቶ፣ ከጀጎል ግንብ መግቢያዎች አንዱ በሆነው ሸዋ በር ሳምቡሳ የሚጠብሱት እማማ ፋጡማ ዘንድ ደረሰ። ምድጃው ቀዝቅዟል። ለካ ረመዳን መሆኑን ረስቶታል።

«ለመንግሥት እንግዳ አይጠብሱም? ሰዎቹ ከሰዓት በኋላ ወደ ድሬዳዋ ይመለሳሉ» አላቸው እየተቁነጠነጠ።

«ሰፈሩ እየጾመ ሽታውን አልለቅበትም። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ፣ ኢንሻአላህ።»

ጥላዬ ሰዓቱን እያየ በሩ ሥር ይመላለስ ጀመር። ፈረንጆቹስ ምን ያድርጉ? ጀጎል ገቡ። አንዷ ስፌት ገዛች፣ አንዱ ጫማ አሰፋ፣ ሦስተኛው ሽማግሌ አግኝቶ ወሬ ያዘ። ማታ እማማ ፋጡማና ሊጥ የሚዳምጡላቸው ሁለት ጎረቤቶች ማቅረብ እስኪያቅታቸው ድረስ ፈረንጆቹ በሉ፤ የድሬዳዋው መንገድ ቀርቶ ሐረር አደሩ።

በማግስቱ ጥላዬ ሪፖርቱን አስነበበኝ፤ «እንግዶችን ለማሳደር በነደፍኩት ዕቅድ መሠረት…»

ሄጄ ለእማማ ፋጡማ ነገርኳቸው።

«ማሻአላህ» አሉ። «ታዲያ ትናንት ያን ሁሉ የተንቆራጠጠው ዕቅዱ ጠፍቶበት ነው?»